በልክ የሚሰፋ የቢራቢሮ ክራቫት፦ ከልኬት እስከ ቋጠሮ

የቢራቢሮ ክራቫት ከወንድ ልብስ ሁሉ ትንሹ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግማሽ ሜትር ከማይሞላ ጨርቅ ይወጣል፤ የስፌት መኪና የለመደ ተማሪ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እንዲህም ሆኖ ጨርቁን መርጠው፣ ልካቸውን አስለክተው፣ ለራሳቸው ብቻ የሚያሰፉ ሰዎች አሉ። «ለዚህች ቁራጭ ጨርቅ ልክ መወሰድ ምን ይፈይዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ረጅሙ ክራቫት ከአንገት ተነሥቶ ደረት ላይ ይወርዳል፤ ጫፉ ትንሽ ቢያጥር ወይም ቢረዝም ኮት ይሸፍነዋል። ቢራቢሮው ግን ከአገጭ ሥር ተቀምጦ ፊትን ከታች ያዋስናል፤ የሚሸፍነው ነገር የለም። ስለዚህ የሚሰፋው ለአንገት ብቻ ሳይሆን ለፊትም ጭምር ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

ሦስት ዕቃ በአንድ ስም

ሱቅ ገብታችሁ «ቢራቢሮ» ብትሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያወጡላችኋል። አንደኛው ተቋጥሮ የተሰፋ፣ በብረት መቆንጠጫ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ አስቀድሞ የተቋጠረ ነው፤ ልዩነቱ አንገት ዙሪያ በሚያልፍ ላስቲክ ወይም ጥብጣብ መያያዙ ነው። ሦስተኛው ተዘርግቶ የሚሸጥ፣ ሁለት ጫፉ ሰፊ መካከሉ ጠባብ የሆነ ረጅም ቁራጭ ሲሆን ባለቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ በእጁ ያስረዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነውር የለባቸውም። ለሕፃን ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሮጥ አስተናጋጅ፣ በደቂቃ ልብስ ለሚቀይር የመድረክ ሰው ይመቻሉ። ነገር ግን ሁለቱም ክንፋቸው በትክክል እኩል፣ ቋጠሯቸው ደረቅ፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ነው። በእጅ የታሰረው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንዱ ክንፍ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ ቋጠሮው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ጀማሪ ይህን እንደ ጉድለት አይቶ ሲያቃናው ይውላል፤ ልብስ የሚያውቅ ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንኑ መጋደል ነው። እኔም ከዚህ ወገን ነኝ፤ ፍጹም እኩል የሆነ ቢራቢሮ የሱቅ አሻንጉሊት አንገት ላይ ያምራል እንጂ ሰው ላይ ሕይወት የለውም። ማብራሪያው እንግዲህ ስለ ሦስተኛው ነው።

ከወታደር አንገት እስከ እራት ግብዣ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ፣ ከ1618 እስከ 1648 ባለው ዘመን፣ በፈረንሳይ በኩል የተሰለፉ ክሮኤሺያውያን ቅጥር ወታደሮች አንገታቸው ላይ ሻሽ ያስሩ ነበር። የፓሪስ መኳንንት አይተው ወደዱት፤ በሐርና በዳንቴል አሰፉት፤ ከዚያ አውሮፓ ሁሉ ተቀበለው። ክሮኤሺያውያን ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ አይተዉም፤ በ2003 ፑላ ከተማ በሚገኘው ጥንታዊ የሮማውያን ስታዲየም ዙሪያ ግዙፍ ቀይ ክራቫት አስረው አሳይተዋል።

ያ የአንገት ሻሽ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል አንዴ ሲረዝም አንዴ ሲያጥር ቆየ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የለንደኑ ሽቅርቅር ቦ ብረሜል በስታርች የደረቀ ነጭ ጨርቅ እስከ አገጩ ድረስ ይጠመጥም ነበር። በኋላ ኮሌታው እያጠረና እየታጠፈ ሲሄድ ያን ሁሉ ጨርቅ መጠምጠም አላስፈለገም፤ የቀረው ጠባብ ማሰሪያና ፊት ለፊት ያለው ቋጠሮ ብቻ ሆነ። ቢራቢሮው ማለት ይህ ነው፤ ከትልቁ ጥምጥም የተረፈው ቋጠሮ።

ጥቁሩን ቢራቢሮ ምሽት ላይ የሚታሰር የክብር ልብስ ያደረገው ደግሞ አጭሩ የእራት ኮት ነው። በለንደን ሳቪል ሮው የሚገኘው የሄንሪ ፑል ልብስ ስፌት ቤት በ1865 ለዌልሱ ልዑል፣ በኋላ ለነገሠው ለኤድዋርድ ሰባተኛ፣ ጭራ የሌለው አጭር የምሽት ኮት እንደ ሰፋ መዝገቡ ይናገራል። ኮቱ አሜሪካ ሲደርስ ኒው ዮርክ አቅራቢያ በ1886 ከተመሠረተው የቶክሲዶ ፓርክ ክበብ ስሙን አገኘ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ብዙም አልተነቃነቀም፤ ከቶክሲዶ ጋር ጥቁር ቢራቢሮ፣ ጭራ ካለው ኮት ጋር ነጭ። በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም በሚደረገው የኖቤል ሽልማት ሥነ ሥርዓት ወንዶቹ ነጭ ቢራቢሮ አስረው የምታዩት በዚህ ደንብ ነው። በአገራችንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተነሡ የኦርኬስትራ ፎቶግራፎች አንዱን አውጥታችሁ ብታዩ፣ ጥሩምባ ነፊው ሳይቀር ጥቁር ቢራቢሮ አስሮ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ልክ ስትወስዱ

መጀመሪያ አንገት። ብዙ ጀማሪ ሰፊ ሜትሩን ራቁት አንገት ላይ ይጠመጥማል፤ እንዲህ አይደለም። ቢራቢሮ የሚያርፈው ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ደንበኛው የሚለብሰውን ሸሚዝ ይዞ ይምጣ። ኮሌታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከቁልፉ መካከል እስከ ቁልፍ ማስገቢያው ቀዳዳ መጨረሻ ለኩ። የብዙ ወንዶች ልክ በ36ና በ46 ሴንቲ ሜትር መካከል ይውላል። ተዘርግቶ ሲታይ ሙሉ ርዝመቱ ከአንገት ልክ ሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል፤ ለ40 ሴንቲ ሜትር አንገት 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ፋብሪካ የሚሰፋቸው ለሁሉም እንዲሆኑ በጀርባ በኩል መንጠቆና ቀዳዳዎች አሏቸው። ታጥፎ የሚወርድ ኮሌታ መንጠቆውን ስለሚሸፍነው ችግር የለውም። ጫፉ ብቻ ወደ ውጭ የሚታጠፈው የቶክሲዶ ወይም የጭራ ኮት ኮሌታ ግን አይሸፍንም፤ ማሰሪያው ዙሪያውን ይታያል፤ ከኋላ ያለው ብረትም እንዲሁ። በልክ ማሰፋት በግልጽ የሚያዋጣው አንዱ ቦታ ይህ ነው። ለአንድ ሰው አንገት የተሰፋ ቢራቢሮ መንጠቆ አያስፈልገውም፤ ከጀርባም ከፊትም ንጹሕ ጨርቅ ነው።

ቀጥሎ ፊት። ደንበኛውን ፊት ለፊት አቁሙትና ሁለት ርቀት ለኩ፦ ከአንዱ ዓይን የውጭ ጠርዝ እስከ ሌላው ዓይን የውጭ ጠርዝ፣ ከዚያም የፊቱን ስፋት። ታስሮ ሲያልቅ የቢራቢሮው ስፋት በእነዚህ ሁለት ልኮች መካከል ሊውል ይገባል። ከዓይኖቹ ስፋት ካነሰ ፊቱ ያለ ልክ ሰፊ ይመስላል፤ ከፊቱ ወርድ ካለፈ ደግሞ ሰውየው ሳይሆን ክራቫቱ ነው ወደ ክፍሉ የሚገባው። የአንገት ርዝመትም ይታይ። አንገቱ አጭር የሆነ ሰው ቁመቱ ብዙ የሆነ ቢራቢሮ ሲያስር አገጩ ይነካዋል፣ በተናገረ ቁጥር ይጎብጣል። የሱቁ ዕቃ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ቅርጹ

ሁለት ዋና ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው ክንፉ ወደ ጫፍ እየሰፋ፣ ወገቡ ላይ እየጠበበ የሚሄደው ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ቅርጽ ነው። የጫፉ ስፋት ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መደበኛው፣ ከዚያ ካለፈ ትልቁ፣ 5.5 አካባቢ ከሆነ መካከለኛው ይባላል። ለማን ምን እንደሚስማማ ግራ ሲገባችሁ መካከለኛውን ስጡ፤ የማይስማማው ፊት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ቀጥ ያለው ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋቱ ብዙም የማይለወጥ፣ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ። ፈረንጆች ከሌሊት ወፍ ክንፍ ጋር ያመሳስሉታል። ለመስፋት ከሁሉ ይቀላል፤ ለጀማሪ ተማሪ የምሰጠው እሱን ነው። ሲታሰር ትንሽና ሥርዓታዊ ይሆናል፤ ቀጭን ፊት ላይ ያምራል። ከእነዚህ ሌላ ጫፉ እንደ ቀስት የሾለ አለ፣ ጫፉ የከበበ አለ። የሾለው ሲታሰር ሁለቱ ጫፎች እኩል ስለማይውሉ ያንን የወደድነውን መዛባት ያጎላዋል። ልምድ ላለው ሰው እንጂ የመጀመሪያውን ለሚያሰፋ አልመክረውም።

ጨርቁ

ለምሽት ጥቁር ቢራቢሮ አንድ ደንብ ብቻ ያዙ፦ የኮቱን ደረት መታጠፊያ የሸፈነውን ጨርቅ ይምሰል። መታጠፊያው የሚያብረቀርቅ ሳቲን ከሆነ ቢራቢሮውም ሳቲን፤ ደብዛዛና ረድፍ ረድፍ ያለው ሐር ከሆነ እሱም እንዲያው። ጥቁር ጥቁር ነው ብላችሁ ሁለቱን ብትቀላቅሉ በመብራት ሥር ወዲያው ይለያያሉ። ነጩ ደግሞ ከሐር አይሰፋም፤ ትንንሽ ጎድጎድ ያለ ንድፍ ካለው ጠንካራ ጥጥ ነው የሚሰፋው፣ ከሰደርያውና ከሸሚዙ ደረት ጋር እንዲሄድ።

ለቀን ግን በሩ ክፍት ነው። የሐር ጨርቅ የጣሊያኑ ኮሞ ከተማ፣ በእንግሊዝ ማክልስፊልድና ሰድበሪ የታወቁበት ሙያ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች የታተመ ወይም የተሸመነ ሐር እጅ ላይ ሲይዙት ክብደት አለው። ቀጭን የሻሽ ሐር ግን ለቢራቢሮ አይሆንም፤ ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ክንፉ ይወድቃል። ጥጥ፣ ሊኖ፣ ለስላሳ ሱፍ ሁሉ ይሠራሉ። እንዲያውም የመጀመሪያውን ቢራቢሮ ለሚያስር ሰው ከሐር ይልቅ ጥጥ እመርጥለታለሁ፤ ጥጥ ቋጠሮውን ይይዛል።

ስለ አቆራረጥ አንድ ነገር። ረጅሙ ክራቫት ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሰያፍ፣ ከድርና ማጉ በ45 ዲግሪ ይቆረጣል፤ ሲታሰርና ሲፈታ እንዳይጠማዘዝ። ይህ ብዙ ጨርቅ ይበላል። ቢራቢሮውን በሰያፍም በቀጥታም መቁረጥ ይቻላል፤ እኔ በቀጥታ እቆርጣለሁ፣ ምክንያቱም ክንፉ ቅርጹን እንዲይዝ እንጂ እንዲለጠጥ አንፈልግም። መሥመር ያለው ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ጫፎች ከመቁረጣችሁ በፊት አስተያይታችሁ አስቀምጡ። በግራው ክንፍ መሥመሩ ወደ ላይ ወጥቶ በቀኙ ወደ ታች ከወረደ ስህተቱ ፊት ላይ ስለሆነ ማንም ያየዋል።

ስፌቱ

ለአንድ ቢራቢሮ አራት ቁራጭ ጨርቅና ሁለት ቁራጭ ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ነው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ፊትና ጀርባ አለው። ንድፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥሩ፤ ከጀርባ አንገት መካከል ጀምሮ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠባብ ማሰሪያ፣ ከዚያ የክንፉ የመጀመሪያ እብጠት፣ ከዚያ ወገቡ፣ በመጨረሻ የጫፉ እብጠት። ወገቡ ቋጠሮው የሚያልፍበትና ክንፉ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። እዚህ ላይ ብታሰፉት ቋጠሮው ይደነድናል፤ ብታጠቡት ክንፉ ከቋጠሮው ጋር የተጣላ ይመስላል። ንድፉ ላይ ከሚደከመው ግማሹ የሚያልቀው በዚህች ወገብ ነው።

ማጠናከሪያው ቀጭን ጥጥ ወይም ሱፍ ቢሆን ይመረጣል። በካውያ የሚለጠፈው ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ወፍራሙን ከመረጣችሁ ቢራቢሮው ካርቶን ይሆናል። ጨርቁን በጣታችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ማጠናከሪያው ልክ ነው።

አሁን የፊቱንና የጀርባውን ቁራጭ የጨርቁ ፊት ከፊት ገጥሞ እንዲውል አድርጋችሁ በስፒል ያዙ፤ ማጠናከሪያው ከውጭ በኩል ይሁን። የስፌት መኪናውን ጥልፊያ ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሩት፤ አጭር ጥልፊያ ኩርባ ላይ አይዘልም። ዙሪያውን ስትሰፉ በጠባቡ ማሰሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳትሰፉ ተዉ። ያቺ ቀዳዳ ሁሉም ነገር የሚገለበጥባት በር ናት።

ከመገልበጡ በፊት ግን ተማሪ የሚሰለቸው፣ ሥራውን የሚለየውም ደረጃ አለ። ከስፌቱ ውጭ የተረፈውን ጨርቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ቁረጡት። ወደ ውስጥ የገባው ኩርባ ላይ፣ ማለትም ወገቡ ላይ፣ ክሩን ሳትነኩ እስከ ስፌቱ ድረስ በመቀስ ጫፍ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጉ፤ ይህን ካላደረጋችሁ ሲገለበጥ ጨርቁ ይጨማደዳል። ወደ ውጭ የወጣው ኩርባ ላይ ደግሞ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን እየቆረጣችሁ አውጡ፤ ያለዚያ የተረፈው ጨርቅ ውስጥ ለውስጥ ተደራርቦ ጠርዙ ያብጣል። ማዕዘኖቹን በሰያፍ ቁረጡ። ልብስ ሰፊ የሰፋውንና ጀማሪ የሰፋውን ለመለየት ቢራቢሮውን ብርሃን ፊት ያዙና ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱ፤ እብጠት ካገኛችሁ ሰፊው ይህን ደረጃ ዘሎታል።

መገልበጡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ያልተቀረጸ እርሳስ ወይም ጫፉ የደነዘዘ እንጨት በጫፉ በኩል ገፍታችሁ በቀዳዳዋ አውጡ። መቀስ አትጠቀሙ፤ ማዕዘኑን ይበሳዋል። ከዚያ ስፌቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሻሻችሁ ጠርዙ ላይ በትክክል እስኪወጣ ድረስ አንከባሉት፣ ካውያ አድርጉ። ሁለቱን ግማሾች ጀርባ ላይ አገናኙ፤ የቀረችውን ቀዳዳ ክሩ በማይታይ የእጅ ስፌት ዝጉ።

የፊቱንና የጀርባውን ጨርቅ የተለያየ ማድረግም ይቻላል፤ አንዱ ጎን ነጠብጣብ ሌላው ሙሉ ቀለም። እንዲህ ያለው እንደ አስተሳሰሩ አንዱን ወይም ሌላውን ፊት ያወጣል። በልክ የሚያሰፉ ደንበኞች ከሚወዱት ነገር አንዱ ነው፣ ለሰፊው ደግሞ የሚጨምረው ሥራ የለም።

ቋጠሮው

የጫማ ክር ማሰር የምትችሉ ከሆነ ቢራቢሮ ማሰር ትችላላችሁ፤ ቋጠሮው አንድ ነው። የሚያስቸግረው እጅ ሳይሆን መስታወት ነው፤ ግራውን ቀኝ ያደርግባችኋል። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማለማምዳቸው አንገት ላይ ሳይሆን ቁጭ ብለው ከጉልበታቸው ከፍ ብሎ ጭናቸው ላይ ነው። ውፍረቱ ከአንገት ብዙ አይርቅም፤ ሥራው ሁሉ ፊታችሁ ነው፤ መስታወት አያስፈልግም።

አንገት ላይ ስትደርሱ ግራውን ጫፍ ከቀኙ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት። ረጅሙን በአጭሩ ላይ አሻግራችሁ ከሥር ወደ ላይ አውጡት። አጭሩን ወገቡ ላይ አጥፋችሁ ከኮሌታው መካከል ፊት ለፊት አግድም ያዙት፤ የቢራቢሮው ፊት እሱ ነው። ረጅሙን በመካከሉ ላይ ወደ ታች ጣሉት። አሁን ረጅሙንም አጥፋችሁ፣ የታጠፈውን ጫፍ ከፊተኛው ኋላ ባለው ክፍተት አስገቡት። ክፍተቱን በጣት መፈለግ አለባችሁ፤ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለማጥበቅ የታጠፉትን ክንፎች በአንድ ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ ሳቡ፤ ለማላላት ያልታጠፉትን ጫፎች። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ማስተካከል ነው። በማስተካከሉ ብዙ አትድከሙ፤ ትንሽ ሲዛባ ተዉት።

የሚያስሩት ሰዎች

ዊንስተን ቸርችል ጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለውን ቢራቢሮ ሙሉ ዕድሜውን አልተለየውም፤ ሠዓሊ እሱን ለመሣል ሲጋርና ነጠብጣብ ይበቃው ነበር። ከ1975 እስከ 2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ጆን ፖል ስቲቨንስ በዳኝነት ካባቸው ላይ በምትታይ ቢራቢሮ ይታወቁ ነበር። የጥቁር አሜሪካውያን ሃይማኖታዊ ንቅናቄ የሆነው የኔሽን ኦፍ ኢስላም ወንዶች የሥርዓታቸው ምልክት አድርገውታል። ሰዎቹ በአስተሳሰብ የትና የት ናቸው፤ ያገናኛቸው ነገር ቢኖር ከሩቅ መታወቅን አለመጥላታቸው ነው።

የሥራ ጠባይ የመረጠላቸውም አሉ። የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ለ ኮርቡዚዬ ክብ መነጽርና ቢራቢሮ ያደርግ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ለሚያጎነብስ ሰው የሚንጠለጠል ክራቫት ቀለም ይነካል፣ መሥመር ያበላሻል። ሐኪሞችም በተመሳሳይ ምክንያት ወደ ቢራቢሮ ያዘነበሉ አሉ። በ2004 በኒው ዮርክ ኩዊንስ በሚገኝ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት 42 የሕክምና ሠራተኞች ክራቫቶች ግማሽ የሚጠጉት በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ተገኝቶባቸዋል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሸሚዝ በየቀኑ ይታጠባል፣ ክራቫት አይታጠብም፣ ሐኪሙ በጎነበሰ ቁጥር ደግሞ አልጋውን ይነካል። በ2007 ከወጣ መመሪያ በኋላ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ታካሚ ሲያዩ ክራቫት እንዳያስሩ አድርገዋል። ቢራቢሮ አልጋ አይነካም፤ የሕፃናት ሐኪም ካሰረው ደግሞ ሕፃኑ ስቦ አያንቀውም።

ከተረፈ ጨርቅ የተነሣ ንግድ

ዋጋው ለምን ይወደዳል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጨርቁ አይደለም፤ በቀጥታ ከተቆረጠ ከሌላ ልብስ የተረፈ ቁራጭ ይበቃዋል። የምትከፍሉት ለልኬቱ፣ ለንድፉ፣ ለዚያ በጣት ለሚታሸው ጠርዝ ነው። ይህ ደግሞ ትንሽ ካፒታል ላለው ሰው በር ይከፍታል፤ መኪና፣ መቀስ፣ ካውያ፣ የተረፈ ጨርቅ።

የቴነሲዋ ሜምፊስ ልጅ ሞዛያ ብሪጅስ ይህን በሥራ አሳይቷል። በ2011 ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳለ የሚወደውን ዓይነት ቢራቢሮ ሱቅ ውስጥ ስላላገኘ አያቱ መስፋት አስተማሩት፤ ከአያቱ የተጠራቀመ ጨርቅ እየሰፋ መሸጥ ጀመረ። በ2013 ነጋዴዎች ለባለሀብቶች ሐሳባቸውን በሚያቀርቡበት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ። ከባለሀብቶቹ አንዱ ዴይመንድ ጆን ድርሻ ከመግዛት ይልቅ ልጁ ንግዱን በእጁ እንዲያቆይ መክሮ አማካሪው ሆነ። በ2017 ድርጅቱ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ቡድኖችን ዓርማ የያዘ ቢራቢሮ ለመሥራት ውል ተፈራረመ። ተማሪዎቼን ስለዚህ ልጅ ስነግራቸው ቴሌቪዥኑ ይማርካቸዋል፤ እኔ የሚገርመኝ አያቱ ናቸው። ለ9 ዓመት ልጅ የስፌት መኪና ማስረከብ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ጥበብ ለሚያሰፉ

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዙሪያ በሚደረጉ የሐበሻ ሠርጎች ሙሽራውና ሚዜዎቹ ከሙሽሪት ቀሚስ ጥበብ የተሰፋ ቢራቢሮ አስረው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሐሳቡ ያምራል፤ አሰፋፉ ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል፣ ምክንያቱም የሸማ ጥበብ ከላይ እንደ ተባለው ሐር አይደለም።

አንደኛ፣ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ልቅ ስለሆነ መቀስ እንደ ነካው ጠርዙ ይተረተራል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ቀጭን ማጠናከሪያ ከጀርባው በካውያ ለጥፉ፤ ከቆረጣችሁ በኋላ ማለት ከዘገየ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የጥበቡ ክር ከመደቡ ላይ ተጨምሮ የተሸመነ ስለሆነ ቦታው ወፍራም ነው። ፊቱንም ጀርባውንም ከጥበብ ከሰፋችሁ ወገቡ ላይ አራት አምስት እጥፍ ተደራርቦ ቋጠሮው ጡጫ ያክላል። ፊቱን ከጥበብ፣ ጀርባውን ከስስ ጥጥ ስፉ። ማሰሪያው ላይም ጥበብ አያስፈልግም፤ ኮሌታ ሥር የሚደበቅ ነው።

ሦስተኛው የንድፍ ጉዳይ ነው። ጥበቡ ጠባብ ረድፍ ስለሆነ ክንፉ ላይ የት እንደሚውል አስቀድማችሁ ወስኑ። ንድፉን በጨርቁ ላይ አኑራችሁ፣ ሲታጠፍ ፊት ለፊት የሚወጣው ቦታ የቱ እንደሆነ በልብስ ሰፊ ሳሙና ምልክት አድርጉ፤ የጥበቡ መካከል እዚያ ይዋል። ይህን ያልለካ ሰፊ ሽሮ ሜዳ ሄዶ የገዛውን ውድ ጥበብ ቋጠሮው ሥር ይቀብረዋል። ሚዜዎቹ ብዙ ከሆኑ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ልክ አትስፉ። ጨርቁ አንድ ይሁን፤ ስፋቱ ግን እንደየፊታቸው ይለያይ። ፎቶግራፉ ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉት እንዲያውም ያኔ ነው። ለማሰር ያልለመዱ ሚዜዎች ካሉ አስቀድሞ ተቋጥሮ የተሰፋውን ስጧቸው፤ በሠርግ ጠዋት ቋጠሮ ማስተማር ለማንም አይመከርም።

ከታሰረ በኋላ

ማታ ስትመለሱ ፍቱት። ታስሮ ያደረ ቢራቢሮ ወገቡ ላይ የማይለቅ ሽብሽብ ይይዛል። የፈታችሁትን ዘርግታችሁ ወይም በልቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ማንጠልጠል አያስፈልገውም። ሐሩ ላይ ካውያ በቀጥታ አታሳርፉ፤ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ በእንፋሎቱ ብቻ አቅኑት፣ ጠርዙንም አትጫኑት፣ ያብለጨልጫል። ጥጡ በእጅ ይታጠባል። ሐር ላይ ወጥ ከፈሰሰ ግን በውኃ አታሹት፤ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። በንጹሕ ጨርቅ መጥጣችሁ ወደ ደረቅ እጥበት ቤት ውሰዱት፤ ምን እንደ ፈሰሰበትም ንገሯቸው።